የዶክተር ሎሚ መርዶ

ጅቡቲ፣ ናጋድ ባቡር ጣቢያ እህቴን ልቀበል ሄጄ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ግንባራቸውንና አንገታቸውን አበሱበት። የሎሚ ኮሎኝ ነበር። ድሮ በየየመኒው ሱቅ የሚሸጥ ርካሽ ሽቶ ነው፤ አሁን ብዙም አይታይም። ተነስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ሽማግሌው ምን አደረግኳት ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም። ምንም አላደረጉኝም። ድሮ ካርቲየ ዱ በሚባለው ሰፈራችን ክሊኒክ የነበረው ዶክተራችን በሽተኞቹን በዚህ ሽቶ ነበር ግንባራቸውን የሚያብሳቸው፤ እኔ እስከ ዛሬ ያ ሽታ ካለበት ተነስቼ እሄዳለሁ። ያ ሰው እህቴን ሊገድላት ነበር። ሌሎችን ገድሏል ብዬ አምናለሁ፣ እንደኔ የሚያምኑም አሉ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ማንም ይዞ አልጠየቀውም።

ሽቶው ባይሸተኝም ዛሬ ስለ እሱ ማሰቤ አይቀርም ነበር። ጠዋት ጋሽ መኮንን ቤቴ መጥተው ነበር። ጋሽ መኮንን የድሮው ባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ የእድራችን ሽማግሌ ናቸው። የመጡት ፀሐይ ወጥታ፣ ዳቦ ሻጩ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ሆን ብለው ያደርጉታል። ገና ከበር «ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ አትደንግጪ» እያሉ ገብተው ወንበር ሳቡ።

«አስካለ፣ ያ ዶክተር አርፏል ይላሉ» አሉኝ።

«የት?»

«እዚያው በሄደበት አገር። ለእድሩ ስልክ ተደውሎ ተነገረ። አዲሶቹ የእድሩ ሰዎች ደግሞ መሥራች ስለሆነ ድንኳን ጥለን ለቅሶ እንቀመጥለት ይላሉ። ልጆች ናቸው፣ አያውቁም። እኔ በዚህ ነገር አልወስንም፣ ውድነሽ ትጠየቅ አልኳቸው።»

«ዛሬ በባቡር ትገባለች እኮ።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

ውድነሽ ታናሽ እህቴ ናት። ጅቡቲ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ያኔ ከኢትዮጵያ መብራት በሽቦ ገና አልመጣም፣ ይህ ናጋድም ሜዳ ነበር። እኔ ድሪያ እያዞርኩ እሸጥ ነበር። ድሪያ የሶማሌ ሴቶች የሚለብሱት ስስ ረጅም ቀሚስ ነው፤ በሙቀቱ ወራት ሐበሻውም፣ ፈረንሳይዋ ማዳምም ሳትቀር ቤት ውስጥ እሱን ነው የምትለብሰው። የዱባይ ድሪያ ሲመጣ በላስቲክ ታሽጎ ነው፤ ለሰርግ የሚሆነው ከነውስጥ ልብሱ አምስት ሺ ፍራንክ ይሸጥ ነበር፣ የዘወትሩ አንድ ሺ አምስት መቶ። አንድ ዘንግ ዳቦ በሃያ አምስት ፍራንክ ይገዛል፤ ሚኒባስ በአርባ ፍራንክ ከመሐል ከተማ ባልባላ ያደርሳል። በረዶ በፌስታል እንገዛለን፣ ቤት እስኪደርስ ግማሹ ውሃ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጫት ከድሬዳዋ ሲገባ መኪኖቹ ጡሩምባ እየነፉ ያልፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ከተማው ጸጥ ይላል፤ ወንድ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ይቅማል፣ ሴቱ ጥላ ይፈልጋል። ማዕዘኑ ላይ ያለው የየመኒው ካሴት ቤት ብቻ አይዘጋም። አንድ የአማርኛ ካሴት ነበረው፤ ሙቀቱ ክሩን አላልቶት ዘፋኟ እንደ ወንድ ትዘፍናለች። እሱ ምን ያውቃል፣ ሐበሻ ሴት ባለፈች ቁጥር ከፍ ያደርግልናል። አሁን እዚያ ቦታ የስልክ ካርድ ይሸጣል። ባለፍኩ ቁጥር ያቺ ወፍራም ድምፅ ትናፍቀኛለች።

የእኛ ሰው ያኔም ሁለት ዓይነት ነበር፣ አሁንም እንደዚያው ነው። አንዱ የሚኖር ነው፤ እንደ እህቴ በሰው ቤት ተቀምጣ የምትሠራ፣ እንደ እኔ የምትነግድ፣ ሾፌር፣ አስተናጋጅ። ሌላው የሚያልፍ ነው። የወሎ፣ የጅማ፣ የሐረርጌ ልጆች በእግራቸው በረሃውን አቋርጠው ይመጡና ጀልባ እስኪያገኙ ግድግዳ ጥግ ይተኛሉ፤ ስማቸውን እንኳ ሳንይዘው ወደ የመን ይሄዳሉ። የታመመ ግን፣ ኗሪም ይሁን አላፊ፣ የሚሄድበት አንድ በር ነበር፤ ሴቶቹ «ዶክተር ሎሚ» ያልነው የአገራችን ሰው ክሊኒክ። ስሙን አልጠራም። ቤተሰቦቹ አሉ፣ እነሱ ምንም አላደረጉም። ክሊኒኩ የተከራየው ቪላ ነው፤ ሦስት አልጋ፣ አንድ የጣሪያ ማራገቢያ፣ ቀን ቀን የምትረዳው ሃዋ የምትባል የአገሬው ሴት፣ በር ላይ አንድ ዘበኛ። የመኖሪያ ወረቀት አለሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም። በአማርኛ ያመመሽን ትነግሪዋለሽ፣ በአማርኛ ይመልስልሻል። ትልቁ ሆስፒታል ሄደን በፈረንሳይኛ ሆዳችንን እያሳየን ከምንንተባተብ እሱ ይሻለን ነበር። ደግሞ ሰውዬው ትሁት ነው፤ «እህቴ» ሳይል አያናግርም፣ ግንባርሽ ላይ ያንን ኮሎኝ ጠብ አድርጎ በመዳፉ ሲያብስሽ ግማሹ ትኩሳት ይለቅሻል። እድሩንም ያቋቋመው እሱ ነው፣ ዳኛውም እሱ ነበር።

ሰዎች እሱ ጋ ይሞቱ ነበር። ይህንን ማንም አልደበቀውም። ዶክተር ጋ ሰው ይሞታል፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ በየቤቱም ይሞታል። ሐምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳ፣ መብራት ሲሄድ፣ ትናንት ውሃ ስትቀዳ ያየሻት ልጅ ዛሬ ሞተች ሲሉሽ «ሙቀቱ» ትያለሽ። ሬሳም አይቆይም። እስላሙ በዕለቱ ይቀብራል፤ እኛም በዚህ ሙቀት ማን ያቆያል ብለን በዕለቱ እንቀብራለን። አላፊዎቹ ልጆች ዘመድ የላቸውም፣ አገር ቤት ያለ እናታቸው የመን ደርሰው ይሆናል ትላለች። ዘመድ ያለውን በተመለከተ ግን ዶክተሩን የደበቀው ሙቀቱ አይደለም። እኛው ነን፣ በመርዶ ልማዳችን።

እንደምናውቀው በእኛ ዘንድ ሞት በድንገት አይነገርም። መጀመሪያ የሚሰሙ ጎረቤቶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ባለቤቱ እንዳይሰማ በሩን፣ መንገዱን ይጠብቁለታል፤ ሥራ ቦታ ያለ እንደሆነ «ትንሽ አሟት ነበር» ይባላል፤ ከዚያ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበው፣ በሩን አንኳኩተው፣ ይዘውት ይነግሩታል። ጅቡቲም ይዘነው የመጣነው ይህንኑ ነው። መርዶ መንገር ደግሞ ችሎታ ይፈልጋል። እንደ ዶክተሩ ያለ መርዶ ነጋሪ አልነበረም። ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ከሁሉ ፊት ይቆማል፤ መቼ ዝም እንደሚባል፣ መቼ «በርቺ እህቴ» እንደሚባል ያውቃል፤ ሴትዮዋ ራሷን መሬት ላይ ስትጥል ጭንቅላቷ ወለሉን ሳይነካ በመዳፉ ይቀበላል። ሲያለቅስም ከልቡ ነው። የመርዶ ነገር ሲመጣ ሁሉም «ዶክተሩን ጥሩልን» ነበር የሚለው። እሱም አንድ ነገር ለምዶ ነበር፤ በሽተኛው የሚተርፍ አልመስል ሲለው ከቀኑ ጀምሮ ለእድሩ ሰዎች በጆሮ ይናገራል። «ይቺ ልጅ ሌሊቱን አትሻገርም፣ ለንጋት ተዘጋጁ፣ ዘመዷ እንዳይሰማ» ይላል። ዶክተር አይደል? ያውቃል እንላለን። እንዘጋጃለን።

አንድ ጊዜ እኔም ከተዘጋጁት ነበርኩ። አልማዝ የምትባል፣ ጋቦዴ ሰፈር በሰው ቤት የምትሠራ፣ ድሪያ በዱቤ የምትወስድብኝ ሳቂታ ልጅ ነበረች። ወንድሟ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሹፌሮቹ በሚያድሩበት ፒኬ ዱዝ መኪናው ላይ ይተኛል። ዶክተሩ ከሰዓት በኋላ አግኝቶኝ አልማዝ እንደማትተርፍ ነገረኝና «ወንድሟ ሌሊቱን ጭነት ይዞ እንዳይነሳ በሆነ ሰበብ አስቆሙት» አለኝ። እያለቀስኩ ልጠይቃት ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ፀጉሯን ታበጥር ነበር። «ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽ የቀላው?» ብላ ጠየቀችኝ። አቧራ ነው አልኳት። ሲነጋ ከሌሎቹ ጋር ፒኬ ዱዝ ሄደን ወንድሟን ከመኪናው አውርደን አረዳነው። ዶክተሩ አቅፎት አብሮት መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ያኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ስታበጥር ያየሁት የሞት መዳኛ ነው፣ በሽተኛ ሊሞት ሲል ትንሽ ይሻለዋል ይባል የለ? አልኩ። ሌላ ነገር በጭራሽ አልመጣልኝም።

ውድነሽ የታመመችው ከዚያ በኋላ ባለው ሙቀት ነው። ጋቦዴ የምትሠራበት ቤት ማዳም በመኪና አምጥታ ደጄ ላይ አወረደቻት። ወባ ነበር። ዶክተሩ ጋ ወሰድኳት። ሁለት ሦስት ቀን ተኝታ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ መብላት ጀመረች፣ መቆጣትም ጀመረች፤ ውድነሽ ስትድን የሚታወቀው ስትቆጣ ነው። የዘበኛው ሬዲዮ፣ የሃዋ ሻይ ስኳሩ መብዛቱ፣ የጎረቤት ፍየል፣ ሁሉም ጥፋተኛ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሄጄ ሐብሐብ አብልቻታለሁ። ዶክተሩ ከክንዷ ጋር የተያያዘውን ግሉኮስ በአዲስ ቀይሮ «ይኼን ትጨርስና ነገ ትወጣለች» አለኝ። ግንባሯን በኮሎኙ አበሰላት። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሃዋም ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቷ ወደ ሃያብለ ሄደች፤ ስልክ የላትም፣ ሰፈሩም ያኔ ቆርቆሮና እንጨት ነው።

አመሻሹ ላይ መብራት ሄደ። መቼም የሙቀቱን ወራት መብራት ሳይኖር ያልኖረ ሰው ይህን አይረዳም። ማራገቢያው ሲቆም ክፍሉ ምድጃ ነው። እኔ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አልጋችንን ግቢ አውጥቼ ሳነጥፍ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ፤ ከፈትኩ፣ ውድነሽ ናት። በሌሊት ልብሷ፣ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ በሰው ነጠላ ጫማ።

«ምን ሆነሽ? ማን ውጪ አለሽ?» አልኳት።

«ማንም። እዚያ ውስጥ ልጋገርልሽ እንዴ? መርፌውን ነቅዬ መጣሁ» አለች። «ደግሞ ያ ግሉኮስ ልክ አይደለም፣ ትንሽ እንደወረደ ክንዴን አቃጠለኝ፣ ራሴን አዞረኝ።»

«ዘበኛው?»

«እየሰገደ ነበር። አልረበሽኩትም።»

ተቆጣኋት። ዶክተሩ ቢሰማ ያዝናል፣ ሲነጋ ሳይመጣ በፊት እመልስሻለሁ ብዬ አልጋዋን በሩ አጠገብ፣ ነፋስ በሚገባበት አደረግኩላት። አስታወከች፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ጅቡቲ የኖረች ሐበሻ በዚያ ሰዓት የሚንኳኳ በር ምን እንደሆነ ታውቃለች። እናቴ ሞታለች ብዬ አልጋዬ ላይ ቀረሁ። ውድነሽ ግን በሩ አጠገብ ነበረች፣ ውሃ ሻጩ መስሏት እያጉረመረመች ተነስታ ከፈተችው።

ውጭ ጋሽ መኮንን፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሁለት የእድሩ ሴቶች፣ ከፊታቸው ደግሞ በጥቁር ሸሚዝ ዶክተሩ ቆመዋል። አንደኛዋ ሴት ጮኸች፤ ሁለተኛዋ ማማተብ ጀመረች። ጋሽ መኮንን ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አለች ውድነሽ።

እኔ ዶክተሩን አየሁት። ፊቷን አላየም። ያየው ክንዷን ነው፣ መርፌው የነበረበትን። ከዚያ ድንገት አቀፋትና ማልቀስ ጀመረ። «እግዚአብሔር ይመስገን! እግዚአብሔር ይመስገን!» ይላል። ግቢው ሎሚ ሎሚ ሸተተ።

ነገሩን ያስረዳውም እሱ ነው። ሃዋ በሌሊት ስልክ ደውላ «አልጋዋ ላይ ያለችው አርፋለች» አለችኝ፣ በጨለማ ተሳስታ ይሆናል፣ እኔም በድንጋጤ ሳላጣራ ለሽማግሌዎቹ ነገርኩ አለ። የሚገርመው ሁሉም አመነው። ከድንጋጤው በኋላ ሳቁ መጣ፤ ያቺ የጮኸችው ሴት እንባዋን እየጠረገች ስቃ ስቃ ወገቧን ያዘች። ውድነሽን እየነካኩ ዕድሜዋ ረዘመ፣ መቶ ዓመት ትኖራለች አሏት። ሻይ አፈላሁ። ዶክተሩ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ሄደ። በማግስቱ ወሬው ካርቲየውን ሁሉ አዳረሰው፣ በየደረስኩበት ድሪያ የሚያዩ ሴቶች ለራሷ መርዶ በር የከፈተችው እህትሽ እንዴት ናት እያሉ ይስቁ ነበር። እኔም ስቄያለሁ። ውድነሽ ብቻ አልሳቀችም፤ ለሳምንት ያህል ያዞራት ነበር።

ጋሽ መኮንንም ሻዩን ሳይነኩት እንደሄዱ ያየሁት በኋላ ሳስበው ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት መጡ። ውድነሽ ወጣ እንድትል ሊያደርጉ ፈለጉና መልሰው «አይ፣ እሷም ትስማ» አሉ።

«ያን ለት ሃዋ ደወለችልኝ ብሏል አይደል?» አሉ።

«አዎ።»

«እኛ በር ሳንደርስ፣ ማዕዘኑ ጋ ስንገናኝ ጠይቄው ነበር። በእርግጥ አርፋለች ወይ? አልኩት። መቼም እኔ በዚህ እግሬ ያለ ነገር አልወጣም። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አሁን በእጄ ዓይኗን ከድኜላት መምጣቴ ነው› አለኝ።»

ውድነሽ ቁጭ አለች።

«እንባው እየወረደ ነው ያለኝ» አሉ ጋሽ መኮንን። «ክሊኒኩን ረግጦ ቢሆን ኖሮ አልጋው ባዶ መሆኑን ያይ ነበር። ከቤቱ ነው የመጣው። አልሄደም። ግን ሞታለች ብሎ እርግጠኛ ነበር። እንዴት ነው ሰው እንደዚያ እርግጠኛ የሚሆነው ልጄ?»

ውድነሽ ክንዷን በሌላው እጇ ይዛ ነበር። ለእኔ አልማዝ ታየችኝ፤ ፀጉሯን እያበጠረች፣ ዓይንሽ ለምን ቀላ ስትለኝ። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።

ሃያብለ ድረስ ሄጄ ሃዋን አገኘኋት። ልብስ ታሰጣ ነበር። «አባዮ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «እኔ በምን ልደውል? ወላሂ፣ ስልክ ያለው እዚህ ሱቅ ብቻ ነው፣ እሱም በሌሊት ይዘጋል።» ከዚያ ቀጥላ እኔ ሳልጠይቃት «ሌላ ሥራ ብታገኚልኝ» አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

እድሩ ያለ ዳኛው ተሰበሰበ። ጋሽ መኮንን ማንንም አልከሰሱም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «እስከ ዛሬ ከእሱ ጋር መርዶ የሄዳችሁ ሁሉ፣ መቼ ነበር የነገራችሁ?» አንዱ «ከሞቱ በፊት፣ ማታ» አለ። ሌላዋ «እኔንም ማታ» አለች። ሌላው «እኔንስ ከሰዓት ነው፣ ልጁ ገና ያወራ ነበር» አለ። ዙሪያውን ሁሉም እንደዚያው። እያንዳንዳችን የራሳችንን አንድ መርዶ እናውቅ ነበር፣ የሰውን አናውቅም፤ ሚስጥር ነዋ፣ ዘመድ እንዳይሰማ ተብሎ የተያዘ ነገር እርስ በርስም አይወራም። እኛ ለሐዘንተኛው ብለን የያዝነውን አፍ ነው እሱ የተጠቀመበት። አንዲት ሴት ተነስታ ወደ ውጭ ወጣች፤ በኋላ እንደሰማሁት ባሏ የሞተው እሱ ጋ ነው።

ታዲያ ለምን ለፖሊስ አልነገራችሁም የሚለኝ ሰው አለ። ቀላል ጥያቄ ነው፣ መልሱም ቀላል ነው። ከዚያ ስብሰባ ውስጥ ወረቀት የነበረን ስንት ነን? ሄደን ምን እንላለን? ሬሳዎቹ ተቀብረዋል፣ ግሉኮሱ ተደፍቷል፣ ያልሞተችው ደግሞ አልሞተችም። እሱ የትልልቅ ሰዎች ልጆች ትኩሳት የሚያይ ዶክተር ነው። እኛ ታፍሰን በመኪና ወደ ድንበር የምንመለስ ሰዎች ነን። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ እኔም ያኔ እጄን አንስቼ አይነገር ካሉት ጋር ተስማምቻለሁ፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እውነት ሆኖም ያንገበግባል።

ያደረግነው ዝም ብሎ መቅረት ነው። አንዲትም ሴት እሱ ጋ አልሄደችም። አላፊዎቹን ልጆች ደግሞ ጋሽ መኮንን ራሳቸው በየግድግዳው ጥግ እየዞሩ «የታመመ ቢኖር ወደ ትልቁ ሆስፒታል» እያሉ ነገሯቸው፤ እኔም በማውቃት ጥቂት ፈረንሳይኛ እየተረጎምኩላቸው ወስጃለሁ። ዶክተሩ በክሊኒኩ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ አየው ነበር። ድሪያዬን ተሸክሜ ሳልፍ ሰላም ይለኝ ነበር፤ «እህቴ፣ ውድነሽ እንዴት ናት?» ይለኛል። «ደህና ናት» እለዋለሁ። ሌላ ቃል የለም። ሙቀቱ ሳያልፍ ለትምህርት ነው ብሎ ቪላውን ዘግቶ ሄደ። ሲሄድ አንዳንድ ያልሰሙ ሰዎች ሸኙት፣ ዳቦና ብርቱካን ይዘው።

ለምን ያደርገው ነበር? የሞቱት ድሆች ናቸው፤ የሚወሰድ ነገር የላቸውም። ብዙ ዓመት አሰብኩበትና አንድ ነገር ላይ ደርሻለሁ፣ አልተሳሳትኩም ብዬ ግን አልምልም። ሰውዬው መርዶውን ይወድ ነበር። ያ ንጋት፣ ሁሉም እሱን የሚያይበት፣ የወደቀውን የሚያነሳበት፣ ሴቶች ደረቱ ላይ የሚያለቅሱበት። ክሊኒኩ ውስጥ ከብዙዎቹ አንድ ዶክተር ነው፤ እዚያ በር ላይ ግን እሱን የሚያክል ሰው የለም። መርዶ ደግሞ ያለ ሞት የለም። ይህንን ለጋሽ መኮንን ስነግራቸው «ያ ለቅሶው እውነት ነበር እኮ» አሉኝ። ነበር። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ እድራችን አንድ ደንብ አለው። ከሁለት ያላነሱ ሰዎች ሬሳውን በዓይናቸው ሳያዩ፣ በእጃቸው ሳይነኩ፣ ለማንም መርዶ አይነገርም፣ ድንኳንም አይጣልም። አዲሶቹ ልጆች ደንቡን ይጠብቁታል፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቅ የለም። ከሙቀቱ የተነሳ ነው ይላሉ፤ በሙቀት ራሱን የሳተ ሰው የሞተ ስለሚመስል ነው አሉ። እኛም አላረምናቸውም።

ባቡሩ ዘግይቶ ገባ። ከበረሃው የመጣው አቧራ መስኮቱን ሁሉ ሸፍኖታል፤ ሰዉ ከነጆንያው፣ ከነሻንጣው እየተጋፋ ወረደ። ያ ኮሎኝ የተቀባ ሽማግሌ ልጃቸውን አቅፈው ሄዱ። ውድነሽ ከሁሉም ኋላ መጣች። ወፍራለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል፣ አሁንም እየተቆጣች ነው፤ የባቡሩ ማቀዝቀዣ እንደ በረዶ ቤት አደረቃት፣ አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ በስልኩ እየጮኸ አላስተኛትም። ትሠራበት ከነበረው ቤት ከወጣች፣ አገር ቤት ከገባች ብዙ ጊዜ ሆኗታል፤ በዓመት አንዴ ትጠይቀኛለች። ሻንጣዋን ተቀበልኳት። ትንሽ ትረፍ ብዬ ነበር፤ ፊቴን አይታ ቆመች።

«ምን ሆነሻል እታለም?»

«ጋሽ መኮንን ዛሬ ቤት መጥተው ነበር።»

«ስንት ሰዓት?»

«ፀሐይ ከወጣች በኋላ።»

ትንፋሿን አወጣች። «እሺ፣ ማን ነው?»

«ዶክተር ሎሚ። አርፏል ይላሉ። እድሩ ለቅሶ ይቀመጥለት ወይ ብለው ያንቺን ቃል ይጠብቃሉ።»

ሰዉ በግራና ቀኛችን ያልፋል። እጇ ወደ ክንዷ ሄደ፣ ከክርኗ ውስጠኛው ጎን ላይ፤ ሳታውቀው የምታደርገው ነገር ነው፣ ዶክተር ስትሰማ ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ታዝንለት ይሆን፣ ትሰድበው ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። ለእኔ ሁለቱም ባልከፋኝ ነበር።

«ሬሳውን ያየ ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም። ስልክ ተደውሎ ነው። ሞተ ተብሎ ነው።»

«እንግዲያው ድንኳን አይጣሉ፣ ደንቡ ደንብ ነው» አለችና ሻንጣዋን ከእጄ መልሳ ወሰደች። «ሞተ መባልማ፣ እኔም ተብዬ ነበር።»